ከዕቅዱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጻፍ፦ ስለ ረግረጎችና የወንዝ ዳርቻዎች ቆጠራ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ፌዴራል አካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን
ለ፦ የክልል መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ፣ የመሬት አስተዳደርና የውሃ ቢሮዎች
ጉዳዩ፦ የውሃ አዘል መሬቶችንና የወንዝ ዳርቻዎችን ቆጠራና ምደባ ይመለከታል

ክቡራን፣

ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ያህል ውሃ አዘል መሬት አለ ተብሎ ሲጠየቅ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ የኖረ አንድ መልስ አለ፤ «ከአገሪቱ ስፋት 2 ከመቶ ገደማ» የሚል። አገሪቱ ወደ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፤ 2 ከመቶው 22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ግምቱ በግማሽ ከመቶ ብቻ ቢዛነፍ ስህተቱ 5,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጣና ሐይቅ ራሱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም ፈቀቅ አይልም። እንግዲህ ጣናን የሚያህል ነገር ይግባበት ይውጣበት በማይታወቅ ቁጥር ላይ ነው ዕቅድ የምናወጣው።

የምጽፍላችሁ ረግረግ ይጠበቅ ለማለት አይደለም። እሱንማ በየዓመቱ ጥር ማብቂያ ላይ የዓለም ውሃ አዘል መሬቶች ቀን ሲከበር ሁላችንም እንለዋለን። የምጠይቀው ከዚያ የሚቀድመውን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ክልል በወሰኑ ውስጥ ያሉትን ረግረጎችና የወንዝ ዳርቻዎች አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ሲቆጥርም በውሃቸው ይለያቸው፦ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ ወዴት ይወጣል። ከዚያ ዝርዝሩ ከመሬት መዝገቡ ጋር ይገናኝ። ይህ ሳይደረግ የሚወጣ የጥበቃ ዕቅድ ቢሮ ውስጥ ያምር ይሆናል እንጂ ሜዳ ላይ አይሠራም።

በውሃቸው ይለዩ የምልበትን ምክንያት በአራት ቦታዎች ላሳይ። አራቱም በአንድ «ረግረጋማ መሬት» በሚል ስም ነው የሚጠሩት።

ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ያለው በርጋ በበጋ ለሄደበት ሰው ተራ የሣር ሜዳ ነው፤ ድርቆሽ ይታጨድበታል፣ ከብት ይውልበታል። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፣ ሣሩም ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ መጥታ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ይህች ወፍ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሚባሉት አንዷ ስትሆን፣ እንደምትፈለፍል የተረጋገጠባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም ዋነኞቹ እዚሁ የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ናቸው። የበርጋ ዋጋ ያለው በነዚያ ጥቂት የክረምት ወራት ነው። ቆጣሪው የካቲት ላይ ቢሄድ «የግጦሽ መሬት» ብሎ ይጽፋል፤ በዓይኑ ያየውን ስለጻፈ ደግሞ ዋሸ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው የጨፋ ረግረግ ነው። ከሚሴ አካባቢ በቦርከና ወንዝ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ውሃው ከላይ ከደሴና ከኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከተሞቹና ፋብሪካዎቹ የሚለቁትን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በበጋ ሣር ሲጠፋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደዚህ ይወርዳሉ። የበርጋ ዋጋ በክረምት ከሆነ፣ የጨፋ ዋጋ በተቃራኒው ክረምት አልፎ ሌላው ምድር ሲደርቅ ነው የሚታየው። የሚጠቀሙበት ሰዎች ግማሾቹ የሚኖሩት በሌላ ክልል ነው፤ የሚበክለውም ነገር የሚነሳው ከረግረጉ ወሰን ውጭ ነው። ጨፋን በአጥር መጠበቅ የሚቻል ለሚመስለው ዕቅድ አውጪ ይህን መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በኢሉባቦር ኮረብታዎች መካከል የሚገኙት የሸለቆ ወለል ረግረጎች ናቸው። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ውሃቸው ከግራና ከቀኝ ቁልቁለቱ ሥር ከሚፈልቁ ምንጮች ይመነጫል። ቄጠማው ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ በቆሎ የሚዘራበትም አለ፤ ያ በቆሎ ሌላው ሰብል ሳይደርስ የሚመጣውን የረሃብ ወቅት ያሻግራል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተካሄደ የምርምር ፕሮግራም ነበር፤ አርሶ አደሩ ምንጩ የሚነሳበትን የላይኛውን ክፍል ሳይነካ፣ ቦዩን ሳያጠልቅ፣ ውሃውን እየመጠነ ለብዙ ዓመት የተጠቀመባቸው ሸለቆዎች እንዳሉ መዝግቧል። ያለ ልክ ተቆፍረው ደርቀው ከጥቅም ውጭ የሆኑም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቦዩ ጥልቀትና በምንጩ አያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው። እንዲህ ያለውን ረግረግ «አይነካ» ማለት ነዋሪውን መበደል ነው፤ «ይታረስ» ማለት ምንጩን መግደል ነው። ትክክለኛው መልስ «እንዲህ ተደርጎ ይታረስ» የሚለው ነው፤ እሱን ለማለት ግን ምንጩ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋል።

አራተኛው የጣና ዳርቻ ነው። ደንገሉ፣ ፊላው፣ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅለው የሐይቁ ውሃ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቀጭን ዳርቻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በሐይቁ መውጫ ላይ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ፣ በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እንቦጭ፣ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ያረፉት በዚህ ቀጭን ዳርቻ ላይ ነው። የዚህ ረግረግ ውሃ የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው፤ ከወንዞቹ ሙላትና ከሐይቁ ከፍታ። አንደኛውን ጠብቆ ሌላውን መርሳት ግማሽ ጥበቃ ነው።

ከእነዚህ አራት ቦታዎች ሁለቱን እንኳ በአንድ ዓይነት ደንብ ማስተዳደር አይቻልም።

ወደ ምደባው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የሚበላሸው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው ስምምነት ውሃ አዘል መሬትን እጅግ አስፍቶ ነው የሚተረጉመው፤ የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ፣ ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ፣ የቆመም ሆነ የሚፈስ፣ ጣፋጭም ሆነ ጨዋማ ውሃ ያለበትን ሁሉ ይይዛል። ከዚህ ትርጉም ተነስቶ 42 ዓይነቶችን በሦስት ክፍል መድቧል፦ የባሕርና የባሕር ዳር፣ የየብስ፣ ሰው ሠራሽ። አገራችን ለአስርት ዓመታት ከስምምነቱ ውጭ ቆይታለች፤ ዩጋንዳ በ1988፣ ኬንያ በ1990 ገብተውበታል። ያም ሆኖ ምደባው ለማንም ክፍት ነው፤ ለዓለም አቀፍ ሪፖርት ጥሩ መግባቢያ ስለሆነ የራምሳሩ ኮድ በቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ይኑረው።

ግን እሱን ብቻ ይዞ መቁጠር ወጥመድ አለው። በራምሳር ምደባ የሩዝ ማሳም ውሃ አዘል መሬት ነው፤ የግድብ ሐይቅም እንዲሁ። የፎገራ ሜዳ በሙላት የሚተኛበት የተፈጥሮ ሣር ተነስቶ ሩዝ ቢዘራበት በጠቅላላ ድምሩ ላይ አንድ ሄክታር አይቀነስም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሙሉ ሲሆን ሐይቁ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ በድምር ብቻ የሚሄድ ሰው ኢትዮጵያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውሃ አዘል መሬቷን በአስደናቂ ፍጥነት አሳደገች ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው የፊንጫ ግድብ የጮመንን ረግረግ ውጦ ሐይቅ አድርጎታል፤ በዚያ ሒሳብ የጠፋ ነገር የለም፣ እንዲያውም ተገኘ። ሩዙንም ግድቡንም መቃወሜ አይደለም፤ ሁለቱም ለአገር ያስፈልጋሉ። የምለው የተፈጥሮው በአንድ መዝገብ፣ ሰው ሠራሹ በሌላ መዝገብ ይያዝ፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይደመሩ ነው። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ዘንድ ብመርጥ ይህን እመርጣለሁ።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ሄደው የት እንደተሰናከሉ ማየት ጊዜ ይቆጥባል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ምደባ ውሃ አዘል መሬትን በአምስት ሥርዓቶች ከፈሉት፤ የባሕር፣ ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት፣ የወንዝ፣ የሐይቅና የረግረግ። ከዚያ በዕፅዋቱና በውሃው ቆይታ እየከፈሉ ወረዱ። አገር አቀፍ ካርታ አነሱበት፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቦታው ምን እንደሚመስል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም ነበር። ስለዚህ በ1993 ሌላ ምደባ መጣ፤ እሱ የሚጠይቀው ረግረጉ በመልክዓ ምድሩ ላይ የት እንደተቀመጠና ውሃው ከየት እንደመጣ ነው፦ በወንዝ ዳር፣ በጎድጓዳ፣ በተዳፋት ሥር፣ በሐይቅ ዳር፣ በሜዳ ላይ። እኛ ከዜሮ ስለምንጀምር ሁለተኛውን አስቀድመን የመያዝ ዕድል አለን። ከወሰን የሚጀምር ቅጽ ይዘጋጅ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መቀመጫው፣ ሁለተኛው የውሃው ምንጭ፣ ሦስተኛው የውሃው ቆይታ፣ ከዚያ አፈሩ፣ ከዚያ ዕፅዋቱ፣ ከሁሉም በኋላ አጠቃቀሙ። አሁን ባሉት የመሬት አጠቃቀም ካርታዎች ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው የምናየው።

«ከየት ይመጣል፣ ወዴት ይወጣል» የሚለው ዓምድ ትንሽ ይመስላል። የአቢጃታ ሐይቅን ጉዳይ እንመልከት። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ ውሃ የሚያገኘው በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ፣ በሆራቀሎ ደግሞ ከላንጋኖ ነው። የዝዋይ ውሃ ለመስኖ ሲሳብ የሚጠልቀው አቢጃታ ነው። አቢጃታን ብቻውን በብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ አስገብቶ ዝዋይን ለመስኖ ቢሮ መተው ቧንቧውን ዘግቶ ባልዲውን እንደመጠበቅ ነው። ሐዋሳ ላይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ፦ ጨለለቃ በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል፤ ከሱ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ወንዝ ግን አሁንም የሐዋሳ ሐይቅ ዋና መጋቢ ነው። ጨለለቃ ላይ የሚደርሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ሐዋሳ ይገባል። እንግዲህ የአንዱ ረግረግ መዝገብ ከሱ በላይና ከሱ በታች ያለውን ረግረግ በቁጥር የሚጠቅስ ካልሆነ፣ ዝርዝሩ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጊዜን በተመለከተ፦ ቆጠራው ሁለት ጊዜ ይሁን። አንዱ ክረምት ሲወጣ በመስከረም፣ ሌላው በጋው ሲከር በየካቲትና በመጋቢት። ይህ ለደጋውና ለሰሜኑ ነው። በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሚጥል በአዲስ አበባ የቀን መቁጠሪያ መሄድ ባዶ አሸዋ መመዝገብ ይሆናል። ሳተላይቱም ችግር አለበት። ረግረጉ በሚሞላበት ክረምት ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፤ ስለዚህ የተለመደው የሳተላይት ፎቶ ደመና ነው የሚያሳየን። ደመናውን አልፎ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ ምስሉም በነፃ ይገኛል። ይሁን እንጂ የአንዳንዱ ራዳር ሞገድ ጥቅጥቅ ያለ ደንገልን ዘልቆ ከሥሩ ያለውን ውሃ ለማየት ይቸገራል። ክፍት ውሃን ብቻ የሚለዩ ዓለም አቀፍ ካርታዎችም የጋምቤላንና የጣናን ሣር የሸፈነው ውሃ አያዩትም። እግር ካልሄደበት ምንም ዓይነት ምስል በቂ አይደለም።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ። የበቾን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው ከአድማስ እስከ አድማስ ውሃ ነው የሚያየው። ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይዞ መቆየቱ ባሕርይው ነው፤ ያ ሁሉ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ረግረግ ተብሎ ቢመዘገብ አርሶ አደሩ ይስቅብናል፣ በቀጣዩም ጊዜ አያስገባንም። መለያው አፈሩን ቆፍሮ ማየት ነው፤ በላይኛው ግማሽ ሜትር ውስጥ ግራጫ ሆኖ የዝገት መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ካሉበት፣ ውሃ በየዓመቱ ረጅም ጊዜ ተኝቶበታል ማለት ነው። ጥቁር አፈር ላይ ቀለሙ ስለሚደበቅ ይህ ዘዴ ይቸግራል፤ እዚያ የዕፅዋቱ ምስክርነት ይበልጣል። እነዚህን ነገሮች የሚያሠለጥን ሰው በየዞኑ አንድ እንኳ ቢኖር ብዙ ክርክር ይቀራል።

ሐረማያ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ፤ ከብት ዋለበት፣ ታረሰ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመለሰ። በደረቀበት ዘመን ቆጠራ ቢደረግ ኖሮ ወለሉ በየስሙ የሚታደል የእርሻ መሬት ሆኖ ይመዘገብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ውሃ የሰው ማሳ የሚያጥለቀልቅ «ጎርፍ» ይባላል። ለዚህ መድኃኒቱ የኋላ ታሪክን ማየት ነው። ላንድሳት የሚባለው የሳተላይት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ፎቶ ያነሳል፤ መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ነው። ከ1972 ወዲህ በአንዱም ዓመት ውሃ ተኝቶበት የነበረ ቦታ «ደርቋል» ተብሎ ከመሰረዙ በፊት «የደረቀ፣ ሊመለስ የሚችል» በሚል ራሱን የቻለ ምድብ ይያዝ። የጥበቃ ገንዘብ ሲገኝ ቀድመን የምንሄደው ወደዚያ ምድብ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የጸደቀው የብዝሃ ሕይወት ማዕቀፍም እስከ 2030 ድረስ ከተጎዱ ሥነ ምህዳሮች፣ የየብስ ውሃዎችን ጨምሮ፣ ቢያንስ 30 ከመቶው በማገገም ላይ እንዲሆን ይጠይቃል። የምን 30 ከመቶ? መነሻው ካልተቆጠረ ጥያቄው መልስ የለውም።

የወንዝ ዳርቻን በተመለከተ ደግሞ ትልቁ ፈተና «ከወንዙ ይህን ያህል ሜትር» የሚለው አስተሳሰብ ነው። አንድ ወጥ የሜትር ልክ ለመጻፍም ለመቆጣጠርም ይቀላል፤ ለዚህ ነው የምንወደው። ግን ዓባይ በገደል መካከል በሚወርድበት ቦታ ዳርቻው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ባሮ በጋምቤላ ሜዳ ላይ ሲሰፋ ግን ዳርቻው በኪሎ ሜትሮች ይለካል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ በመንጋ የሚሰደድበት የጋምቤላ ሣር የሚኖረው በወንዙ ሙላት ነው፤ በሜትር ልክ ከተከለለ ከነሕይወቱ ውጭ ይቀራል። በቆላው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚፈሱ የአሸዋ ወንዞች አሉ፤ ውሃቸው ከአሸዋው ሥር ስለሆነ በካርታ ላይ በተቆራረጠ መስመር ይሳላሉ፤ ዳር ዳራቸውን የያዘው ግራር ግን ከአሸዋው ሥር ባለው ውሃ ነው የሚኖረው። አሸዋው በመኪና ተጭኖ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የወንዝ ዳርቻ ወሰን ወንዙ ሲሞላ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ የሚለካውም ከቦታው ከሚኖሩ ሰዎች ትዝታ፣ ከአፈሩና ከዛፉ ነው። ሾላ፣ ሮቃና ዘንባባ በቆሙበት መስመር ውሃ ቅርብ ነው። ምድቡም የወንዙን ባሕርይ ተከትሎ ቢያንስ በአራት ይከፈል፤ የገደል ወንዝ፣ የደጋ ሜዳ ወንዝ፣ በቆላ ሜዳ እየተጠማዘዘ የሚፈስ ወንዝ፣ የአሸዋ ወንዝ። ከዚህ ጋር «ሙላቱ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ በግድብ ተለውጧል» የሚል ጥያቄ ይኑር። የታችኛው ኦሞ ዳርቻ ጊቤ 3 እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ እንደ ድሮው አይሞላም፤ ሙላቱ ሲሸሽ ይዘራ የነበረው እርሻም እንዲሁ ተቋርጧል። ዛፉ አሁንም እዚያው ስለቆመ ብቻ «ያልተነካ የወንዝ ደን» ተብሎ ቢጻፍ ስህተት ነው። መካከለኛው አዋሽ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የሚታየው ሁሉ የወንዝ ደን አይደለም፤ ብዙው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ወራሪ ዛፍ ነው። ከሰማይ ሲታይ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

ትንንሾቹን እንዳንረሳ። በባሌ ሳነቴ አምባና በመንዝ ጓሳ ያሉት የምንጭ ረግረጎች አብዛኞቹ ከአንድ ሄክታር አይሞሉም፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሚዛን ካርታ ላይ አይታዩም። ከታች ያለው ወንዝ ግን በበጋ የሚፈሰው በነሱ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ መሳል ካልተቻለ እንኳ «በዚህ ተፋሰስ ራስ ላይ የምንጭ ረግረጎች አሉ» የሚል ምልክት ይደረግ። ጓሳ ላይ ነዋሪው ሣሩን በራሱ ደንብ ለብዙ ትውልድ ሲያስተዳድር ኖሯል፤ ቆጣሪው ወደዚያ ሲሄድ ከማስተማር መማር ይቀለዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አለ። ሕግ አልጎደለንም ማለት ይቻላል። የጎደለው ግን ይህ ነው፤ አንድ ባለሀብት ወይም የተደራጀ ማኅበር መሬት ሲጠይቅ የወረዳው ባለሙያ የሚከፍተው መዝገብ ላይ ያ ቦታ «የወል ግጦሽ» ወይም «ጠፍ መሬት» ሆኖ ነው የተቀመጠው። ባለሙያው ሕግ አልጣሰም። ረግረግ የሚል ምድብ አላገኘም፤ አንዳንዴም ክፍት መሬት አግኝቶ በማደሉ ይመሰገናል። ባሕር ዛፍ ተተክሎበት፣ ውሃው በፓምፕ ተስቦ ስንዴ ተዘርቶበት፣ ሸክላ ተቆፍሮበት ካለቀ በኋላ የሚመጣ የአካባቢ ባለሙያ ቅሬታ ብቻ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ቆጠራው የአካባቢ ቢሮ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር፣ እያንዳንዱ ረግረግ በመሬት ይዞታ ምዝገባው ካርታ ላይ የራሱ መለያ ቁጥርና ወሰን ይኑረው። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ሕገ መንግሥቷ ውሃ አዘል መሬቶችን መንግሥት ለሕዝቡ በአደራ እንዲይዝ አድርጋለች፤ በዚያው ዓመት ብሔራዊ ፖሊሲም አውጥታለች። እዚያም ረግረግ መታረሱ አልቆመም፤ ግን ክርክሩ በታወቀ ወሰን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። «ቆጠራ» የሚለው ቃል በገጠር ደስ የሚል ትዝታ የለውም። ሰው ተቆጥሮ ግብር መጥቷል፤ መሬት ተለክቶ ተሸንሽኗል። መለኪያ ይዞ ረግረጉ ውስጥ የገባ እንግዳ ሲታይ የሚጠረጠረው ሊወስድ እንደመጣ ነው። ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት በየቀበሌው ስብሰባ ይደረግ፤ ቅጹም ረግረጉን ማን፣ በየትኛው ወር፣ ለምን እንደሚጠቀምበት ይመዝግብ፤ ከሌላ ወረዳና ከሌላ ክልል የሚመጣውን አርብቶ አደር ጨምሮ። የተመዘገበ የመጠቀም መብት ለነዋሪው ዋስትና ነው፤ ያን ሲያይ ወሰኑን ራሱ ያሳያል። የቦታው ስም ነዋሪው በሚጠራበት ቋንቋና አጠራር ይጻፍ፤ አንዱ ረግረግ በሦስት ስም ተመዝግቦ ሦስት ረግረግ የሚሆንበትን አጋጣሚ በዚህ መከላከል ይቻላል።

ክልሎች የየራሳቸውን ቅጽ እንዳያወጡ አደራ እላለሁ። ወሰኑ የተፋሰስ ይሁን፤ ሥራው የክልል፤ ቅጹ አንድ። የጨፋ ምሳሌ ለዚህ በቂ ነው። ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩቱ ካርታውን፣ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ዕፅዋቱን፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለየአካባቢያቸው ሥልጠናውን ቢይዙ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የተሠራ ሥራም ሞልቷል፦ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 የለያቸው 69 ጠቃሚ የአእዋፍ ስፍራዎች፣ የካፋ፣ የያዩ፣ የሸካና የጣና የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጥናቶች፣ የኢሉባቦሩ ምርምር። ሁሉም በየፊናቸው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ወር ሥራ እነዚህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማሰባሰብ ይሁን።

ከእናንተ የምጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ረቂቅ የቆጠራ ቅጹን ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት አውጡት። በአንድ ደጋና በአንድ ቆላ ተፋሰስ ላይ ሞክሩትና የተሳሳተውን ጭምር አሳውቁ። እስከዚያው ድረስ ደግሞ የክልል መሬት ቢሮዎች፣ ውሃ በየዓመቱ የሚተኛበትን የወል መሬት ለአዲስ ባለይዞታ ከማስተላለፋቸው በፊት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በክረምትም በበጋም ሄዶ እንዲያየው የሚያዝ ሰርኩላር ይጻፉ። ሦስተኛው በዚህ ሳምንት ሊፈረም የሚችል ነው።

ከሰላምታ ጋር
የመሬት አጠቃቀም ጉዳይ የሚመለከታቸው አንድ ዜጋ